የኔታ የተቀመጡበት ካርቶን

የሐይቁ ዳርቻ ነዋሪዎች፣ የደብራችን ሊቃውንት፣ የወላጅ ኮሚቴ አባላት፣ እንዲሁም ጉዳዩ የሚመለከታችሁና የማይመለከታችሁ ሁሉ፦ በዕለተ ማክሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ሲሆን፣ ከባሕር ዳር ወደ ደቅ ደሴት በምትሄደው የሕዝብ ጀልባ ውስጥ፣ መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ በአንድ ካርቶን ላይ የተቀመጡ መሆናቸውን በታላቅ አክብሮት እናስታውቃለን።

ካርቶኑ የማን እንደሆነ አልጠየቁም። ስልሳ ስምንት ዓመት የኖረ፣ ሠላሳውን ዓመት ፊደል ሲያስቆጥርና ዜማ ሲያስጠና ያሳለፈ፣ በዚያ ላይ የደሴቲቱን ትምህርት ቤት የወላጅ ኮሚቴ በሊቀ መንበርነት የሚመራ ሰው፣ መቀመጫ ሲያገኝ ይቀመጣል እንጂ አይጠይቅም። የጀልባዋ አግዳሚዎች በሰው፣ በዘይት ጀሪካንና በስኳር ከረጢት ሞልተዋል። ካርቶኑ ግን ብቻውን ነበር፤ ጠንካራ፣ ዙሪያውን በሰፊ ቢጫ ፕላስተር የታሸገ፣ ቁመቱም ለሽማግሌ ጉልበት ተለክቶ የተሠራ የሚመስል። የኔታ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ፣ ጥቁር ጃንጥላቸውን በጉልበታቸው መካከል ተከሉ፣ ተደላደሉ። የልጅ ልጃቸው ውዴ ትልቅ ፌስታል አቅፋ ከእግራቸው ሥር ቁጭ አለች።

ፊት ለፊታቸው አንዲት ወጣት ነበረች። ከተሳፋሪው ሁሉ የመንሳፈፊያ ሰደርያ የለበሰችው እሷ ብቻ ናት። ካርቶኑን የምታየው፣ ልጇ ገደል አፋፍ ላይ ሲጫወት እንዳገኘች እናት ነበር።

«የኔታ ይቅርታ፣ ይህ ካርቶን…»

«ይመቻል» አሉ የኔታ። «አይዞሽ፣ ምንም አይጎረብጥ።»

ወጣቷ ነገሩን ትታ ተደላድላ ተቀመጠች። ምናልባት ከእሳቸው የተሻለ ጠባቂ እንደማይገኝ አስባ ይሆናል። ጀልባዋም ተነሣች።

ጣና ላይ ሦስት ሰዓት ያህል አብሮ ተጉዞ ሳይነጋገሩ መውረድ፣ በደቅ ሰዎች ዘንድ ከመጣላት ይቆጠራል። የኔታም ጀመሩ።

«ወዴት ነሽ ልጄ?»

«ደቅ ነኝ፣ የኔታ።»

«ለስለት?»

«ለሥራ።»

«የወባ ነሽ? የአጎበር?»

«አይደለሁም» አለች እየሳቀች። «መምህር ነኝ። ማኅሌት እባላለሁ። ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ሰፈር ነው ቤቴ።»

«መምህር!» የኔታ ጃንጥላቸውን በጀልባዋ ወለል ላይ መቱ። «እንኳን ሰው አገኘሁ! በይ ውዴ፣ ፌስታሉን ክፈችና አሳያት።»

ውዴ ከፈተች። ሃያ ነጭ ሸሚዝ ነበር፣ ከነአንገቱ የተተኮሰ።

«ሰርግ አለባችሁ?» አለች ማኅሌት።

«ሰርግ? ከሰርግም በላይ! ሐሙስ ዕለት ከመንግሥት ፈታኞች ይመጡብናል። አገር አቀፍ ምዘና የሚሉት። ከአራተኛ ክፍል ሃያ ልጅ በዕጣ እንመርጣለን አሉ። በዕጣ! እስቲ አንቺ ፍረጂ። እንግዳ ቤትሽ ሲመጣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ካገኘሽው ጋን ነው የምትቀጂለት?»

«አይደለም።»

«የጠራውን መርጠሽ ነው! እኛም መርጠናል። ሃያዎቹ ተዘጋጅተዋል፣ ሸሚዙም በቁመታቸው ተገዝቷል።»

ማኅሌት አንዱን ሸሚዝ ዘርግታ አየችው። ለአንድ ጎረምሳ በልክ ይሆናል።

«የአራተኛ ክፍል ልጆቻችሁ ደኅና አድገዋል» አለች።

የኔታ ወደ እሷ ጎንበስ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ዝቅ ያለው የዜማ መምህር ድምፅ ነውና፣ ከጀልባዋ ሞተር በላይ በደንብ ይሰማ ነበር።

«ምስጢሩን ልንገርሽ፣ አንቺም የሙያው ሰው ነሽ። የዛሬ አራት ዓመት ሲመጡ ዕጣውን እነሱ አወጡ፣ እኛም ስሙን ተቀበልን። በስሙ ግን ከሰባተኛና ከስምንተኛ ክፍል ቁመተ አጭሮቹን አስቀመጥን። ኪሩቤል የሚባል ልጅ ጢም ጀማምሮት ስለነበር ሌሊቱን… አይ፣ ጠዋቱን ላጨነው። ምን ሆነ መሰለሽ? አንደኛ! ደብዳቤ ተጻፈልን። ‘የደሴት ትምህርት ቤቶች ልዩ የንባብ ድጋፍ የማያስፈልጋቸው ሆነው ተገኝተዋል’ የሚል። እኔ ነኝ በቅጽሩ ለሕዝብ ያነበብሁት። በመስተዋት አስገብቼ ቤቴ ሰቅየዋለሁ።»

«ሰቀሉት?»

«ከቅዱሳን ሥዕሎች ዝቅ ብሎ» አሉ የኔታ በትሕትና።

እዚህ ላይ አንባቢ በየኔታ እንዳይፈርድባቸው አደራ እላለሁ። ሰውዬው ሌባ አይደሉም። ከሰው የወሰዱት ሰባራ መርፌ የለም። እንግዳ ማክበር የሚሉትን ነገር ከእናታቸው ጡት ጋር ተግተውታል፤ ስለዚህ መንግሥትም ቤታቸው በመጣ ጊዜ ምርጥ ምርጡን አቀረቡለት። ችግሩ፣ እንግዳው የመጣው ሊበላ ሳይሆን ጎተራው ባዶ መሆን አለመሆኑን ሊያይ ነበር።

«አሁን ደግሞ ከፊተኛው ይልቅ ተዘጋጅተናል» ቀጠሉ የኔታ። «ኪሩቤል ያኔ መልሶቹን በልቡ ይዞ ወጥቶ ነበር። ርእሰ መምህራችን ኪዳነ ወልድ፣ አራተኛ ክፍልንም እሱው ነው የሚያስተምረው፣ ወረቀት ላይ አስፍሮ ለክፍሉ ሁሉ ያስጠናል። ልጆቹ አልያዝ ሲላቸው እኔ ትንሽ ዜማ ቢጤ… የቤተ ክርስቲያኑን አይደለም፣ እንጉርጉሮ ነው። ውዴ፣ እስቲ በይላት።»

ውዴ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና አወረደችው፦ «ሐ ሀ ሀ መ ለ፤ ሐ ለ ለ መ ሀ፤ መ መ ሐ ሀ ለ…»

ድምፅዋ ያምር ነበር። አንዲት መነኵሲት ከወዲያኛው ጫፍ አማተቡ።

ማኅሌት እስኪያልቅ ጠበቀች። ሠላሳ ጥያቄ ነበር፣ እስከ ሠላሳው አለቀ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «የኔታ፣ ጥያቄው እኮ በየጊዜው ይለወጣል» አለች።

«እንዴት ታውቂያለሽ?»

«የተቀመጡበት እሱ ነው።»

«ምኑ?»

«ፈተናው። ፈታኟም እኔ ነኝ።»

የኔታ ወዲያው አልተነሡም። ሊቀ መንበር በድንጋጤ አይነሣም። በዝግታ የጋቢያቸውን ጫፍ ገለጥ አድርገው በጉልበታቸው መካከል አጮልቀው አነበቡ፦ «አገር አቀፍ የትምህርት ምዘና። ጥብቅ ምስጢር።» ይህን ጊዜ ብድግ አሉ። በዚያው ቅጽበት ማዕበል ጀልባዋን ናጣትና መልሰው በጥብቅ ምስጢር ላይ ዘፍ አሉ።

«አስቀጪን እንግዲህ» አሉ፣ ፊታቸው ዐመድ መስሎ። «የኪዳነ ወልድን እንጀራ ቁረጪ። እኔን ሽማግሌውን ጣቢያ አስገቢኝ።»

«ማንንም ጣቢያ አላስገባም። የነገሩኝን ግን በሪፖርቴ ሳልጽፍ አላልፍም፤ የተሳሳተው ውጤት መሰረዝ አለበት። ደግሞም ያ ደብዳቤ ምን ማለት እንደሆነ ልንገርዎት?»

«አማርኛ ነው፣ አንብቤዋለሁ። ጎበዞች ናችሁ ማለት ነው።»

«ጎበዞች ናችሁ፣ ስለዚህ አትረዱም ማለት ነው። ያን ዓመት ምዘናው ሁሉንም ትምህርት ቤት አልዳሰሰም፤ ጥቂቱ ብቻ ለናሙና ነው የሚወሰደው። ከሐይቁ ደሴቶች በናሙናው የገባው የእናንተ ብቻ ነበር። እናንተ ያስቀመጣችኋቸው ሃያ ጎረምሶች የደሴቶቹን ልጅ ሁሉ ወክለው ነው የተቀመጡት። የትምህርት ቢሮው ውጤቱን አይቶ ዕቅድ አወጣ፤ የት የንባብ መጻሕፍት ይላክ፣ የትኛው መምህር ይሠልጥን፣ የትኛው የተጨናነቀ አንደኛ ክፍል ለሁለት ይከፈል። ለእንፍራንዝ ትምህርት ቤቶች ሰጡ፣ ለሌላውም ሰጡ። ደሴቶቹ ጋ ሲደርሱ ግን ‘እነዚህስ ያነባሉ’ ብለው አለፉ።»

የኔታ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። ባለፈው ዓመት ለአንደኛ ክፍል ተጨማሪ መምህር እንዲላክላቸው ወረዳ ድረስ ሄደው ነበር። አንድ ጨዋ ወጣት በጠረጴዛው ላይ ወረቀት አገላብጦ፣ «እናንተማ ደኅና ናችሁ አባቴ» ብሎ ሸኝቷቸዋል። ምስጋና መስሏቸው መርቀውት ነው የወጡት።

ሽማግሌ ግን በአንድ ምት አይወድቅም።

«እሺ፣ እሱስ ይሁን» አሉ። «ዳሩ አንድ ልጅ በአንድ ጧት፣ በማያውቀው ሰው ፊት፣ ልቡ እየመታ የመለሰው ነገር እውቀቱ ነው? እኔ አንድ ተማሪ ለማወቅ ዓመት ይፈጅብኛል።»

«እውነትዎን ነው። ስለ አንዱ ልጅ ቁርጡን አይናገርም። ስለ ሺው ግን ይናገራል።»

«ወደቁ ከተባለስ? መምህሩ ነው የሚሰደበው! ሰባ ልጅ በአንድ ክፍል አጭቀሽ፣ አንድ መጽሐፍ ለአራት አካፍለሽ፣ ከዚያ መጥተሽ ‘ለምን አላነበቡም’?»

«እንዲህ የሚሠራበት ቦታ አለ፤ አልከላከልለትም» አለች ማኅሌት። «ፈተናን ዱላ ያደረገ መሥሪያ ቤት፣ መምህሩን ውሸት ያስተምረዋል። መምህሩም ትምህርቱን ትቶ መልስ ያስጠናል። ውዴ አሁን እንደዘመረችልን ማለት ነው። ይህኛው ግን የመምህር ስም አይጠይቅም፤ የልጁም ስም በውጤቱ ላይ አይወጣም። ታንኳ ስትቀዝፉ ውሃው መሳሳቱን በምን ታውቃላችሁ?»

«በዘንግ ነዋ።»

«ዘንጉ አሸዋ ሲነካ ሐይቁን ሰደበው ይባላል?»

«አይባልም።»

«ቀዛፊው ግን መንገዱን ያስተካክላል። ሰባ ልጅ በአንድ ክፍል መታጨቁን እርስዎ በቃል ቢናገሩ ‘ደኅና ናችሁ’ ብለው ይሸኙዎታል። ይህ ካርቶን ሲናገር ግን የሚሸኘው የለም።»

ይህን የሰማው የጀልባው ነጂ ቴዎ፣ መሪውን በአንድ እጁ እንደያዘ ጣልቃ ገባ። «ልጅቷ ነገር ታውቃለች፣ የኔታ! ይመቻት!»

«አንተ ጀልባህን ንዳ» አሉ የኔታ። ከዚያም የመጨረሻውን ምሽጋቸውን ያዙ። «ደሞ ሌላው ይቅር፤ የእኛ ልጆች ያነባሉ! ይህችው ውዴ አራተኛ ክፍል ናት። አውጪ መጽሐፍሽን፣ ገጽ ዐሥራ ሰባትን አንብቢላት።»

ውዴ አወጣች። ገጽ ዐሥራ ሰባትን ገለጠች። አንድም ሳትሰናከል፣ ጣቷን በመስመሩ ላይ እያስኬደች ለቀቀችው፦ «ጣና ሐይቅ በአገራችን ካሉት ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው። በውስጡም ብዙ ደሴቶች አሉ…»

የኔታ ደረታቸውን ነፉ። ማኅሌት ግን የውዴን ጣት ሳይሆን ዓይኗን ነበር የምታየው። የውዴ ጣት በመስመሩ ላይ ይሄዳል፤ ዓይኗ ወደ ሐይቁ ሄዶ፣ አንድ ይብራ የሚሉት የሐይቅ ወፍ ዓሣ ይዞ ሲነሣ እያየ ነበር።

«የኔታ» አለች ማኅሌት፣ «ልጠይቅዎት። ፊደል ሲያስቆጥሩ ልጁ ማወቁን በምን ይለያሉ? በቃሉ ሸምድዶ እንደሆነስ?»

የኔታ ፊት በራ። ስለ ሙያቸው ተጠየቁ።

«ኧረ እሱማ ቀላል ነው! ከግራ ወደ ቀኝ ሲጨርስ ከቀኝ ወደ ግራ መልስ እለዋለሁ። ከላይ ወደ ታች ውረድ፣ ከታች ወደ ላይ ውጣ እላለሁ። ከዚያ በእጄ እሸፍንና አንዲቷን ብቻ በስንደዶ እነካለታለሁ። ‘ይህች ማን ናት?’ በቃሉ የያዘ እዚያ ላይ ይጋለጣል። እኔን ያታለለ ተማሪ የለም!»

«እና ሲጋለጥ ይቀጡታል?»

«ለምን? ያልያዘበትን አወቅሁለት እኮ! ከዚያው ነው የምጀምርለት።»

«የተቀመጡበት ካርቶን ውስጥ ያለው እንግዲህ ያው ነው፣ የኔታ። ሸፍኖ አንዲቷን መንካት። እርስዎ ለአንድ ልጅ የሚያደርጉትን አገሪቱ ለልጆቿ ሁሉ ማድረጓ ነው። የዛሬ አራት ዓመት አገሪቱ ስንደዶዋን ስትዘረጋ፣ እናንተ ግን ሌላ ልጅ አቀረባችሁላት።»

የገዛ ሙያቸው መጥቶ በየኔታ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ከዚያ ክፉ ሐሳብ መጣባቸው፤ ቀስ ብለው ወደ ውዴ ዞሩ።

ከቴዎ ራስ በላይ፣ በቀይ ቀለም የተጻፈ ማስታወቂያ አለ፦ «ከተፈቀደው ሰው በላይ መጫን ክልክል ነው።» የኔታ ጃንጥላቸውን አነሡ፣ በጫፉ «ክልክል» የምትለውን ቃል ነኩ።

«ውዴ፣ ይህችን ቃል።»

ውዴ አየቻት። አያቷን አየቻቸው። «ጣና ሐይቅ በአገራችን…» ብላ ጀመረችና ራሷ አቆመች።

«ገጽ ዐሥራ ሰባትን አላልሁሽም። ይህችን።»

ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ። «ከ፣ ኩ፣ ኪ፣ ካ፣ ኬ፣ ክ…» አለች በሹክሹክታ። «ክ!» ቀጠለች። «ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ፣ ሌ፣ ል… ል!» ሦስተኛዋ ላይ ስትደርስ እንደገና ከመነሻው ዞረች፤ አራተኛዋ ላይ ስትደርስ የመጀመሪያዋ ጠፍታባት ነበር። ግንባሯ ላይ ላብ ጣል ጣል አለ።

«ረሳሁት» አለች።

ጃንጥላው ወረደ።

«እኔም እሱን ማስታወቂያ አንብቤው አላውቅም፣ አይዞሽ!» አለ ቴዎ፣ ከተፈቀደለት በላይ ዐሥራ ሁለት ሰው ጭኖ። ማንም አልሳቀለትም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉ የኔታ። ዜማው ሁሉ ከድምፃቸው ወጥቶ ሄዷል።

«መምህራችን ሲሉ አብረን እንላለን። ሰባ ነን። አንድ ላይ ስንል ሁላችንም እናውቃለን» አለች ውዴ። ጥቂት አሰበችና፣ ያለ ምንም ክፋት ጨመረች፦ «እርስዎም ዲያቆናቱን ነው እንጂ እኔን ለይተው ጠይቀውኝ አያውቁም፣ አባባ።»

ሠላሳ ዓመት። የማንን ልጅ አላስነበቡም? ከዘጌ ድረስ እየመጡ በእሳቸው እጅ ያለፉ ዛሬ ቀሳውስት ናቸው። በቤታቸው፣ በገዛ ጉልበታቸው ሥር ያደገችው ግን፣ ግድግዳው ላይ ‘ድጋፍ አያስፈልጋቸውም’ የሚል ደብዳቤ ከተሰቀለበት መደብ ላይ እየተኛች፣ ደብዳቤው ምን እንደሚል አታውቅም ነበር።

እስከ ደቅ ድረስ የኔታ ቀዩን ማስታወቂያ ሲያዩ ቆዩ። ሰው ሁሉ ያመማቸው መስሎት ነበር።

ሐሙስ ደረሰ። በትምህርት ቤቱ ዋርካ ሥር ሃያዎቹ ምርጦች በነጭ ሸሚዝ ተደርድረዋል። ርእሰ መምህር ኪዳነ ወልድ ከረባት አስሮ፣ በፍርሃትና በኩራት መካከል ወዲያ ወዲህ ይላል። ማኅሌት የአራተኛ ክፍልን መዝገብ አስመጥታ ዕጣ አወጣች። ዐሥራ አራተኛው ላይ፦ «ውዴ።»

ኪዳነ ወልድ ወደ የኔታ ሾልኮ መጣ። «አይስጉ የኔታ፣ በእሷ ስም ከስምንተኛ ክፍል ሀዲስን አስቀምጠዋለሁ።»

«ሀዲስ ወንድ ነው።»

«ሻሽ እናስርለታለን።»

የኔታ ዋርካውን አዩ፣ ሸሚዞቹን አዩ። የተሰበሰበውን ወላጅ አዩ፤ ሊቀ መንበሩን አምኖ የመጣውን። ውዴ ተቀምጣ ብትወድቅ ደሴቲቱ ሁሉ ያውቃል። ‘የመሪጌታ የልጅ ልጅ ፊደል አትለይም’ መባሉ ከአንዱ ቅጽር ወደ ሌላው በአንድ ሰንበት ይደርሳል። ይህን ሁሉ አሰቡ። ከዚያ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ አሉ፦

«ሸሚዙን አውልቁ! ዕጣው ለወጣላቸው ስጧቸው!»

«የኔታ፣ አይሆናቸውም እኮ፣ ይሰፋቸዋል!»

«ይስፋቸው! ውዴ፣ ግቢ። የምታውቂውን መልሺ። የማታውቂውን እንደማታውቂው ተይው። ያን እንጉርጉሮም እንዳታንጎራጉሪ።»

ኪዳነ ወልድ ከረባቱን አላላ። «እና እኔስ ምን ልሁን?»

«አንተ ሰባ ልጅ ብቻህን ተሸክመህ ደኅና ነኝ ስትል የኖርህ ነህ» አሉት። «ዛሬ እንዳልተቻለህ ይወቁልህ።»

እናም ሃያ የአራተኛ ክፍል ልጆች፣ ጉልበታቸው ድረስ የወረደ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ እጅጌውን እየሰበሰቡ ወደ ፈተናው ክፍል ገቡ። ከሩቅ ላያቸው ሰው፣ የትንንሽ መነኮሳት ጉባኤ ይመስሉ ነበር።

ውጤቱ በዓመቱ መጣ፤ የምሥራች አልነበረም። ከደሴቶቹ ልጆች እኩሌታው አጭር ምንባብ አንብቦ የገባውን መመለስ አልቻለም። ማኅሌትም እንደ ቃሏ የቀድሞውን ነገር ጽፋ ኖሮ፣ አሮጌው ውጤት ተሰረዘ፤ ኪዳነ ወልድ የተግሣጽ ደብዳቤ ደረሰው። ያን ሳምንት አንገቱን ደፍቶ ከረመ። በሁለተኛው ወር ግን አንድ መልእክት መጣ፤ የኔታ መጀመሪያ አላመኑም። አንደኛ ክፍል ለሁለት እንዲከፈል፣ ተጨማሪ መምህርትም እንድትመደብ። ተከትሎ አምስት ሣጥን የተረት መጻሕፍት በጀልባ መጡ። መምህራኑ ባሕር ዳር ሄደው ሠለጠኑ፤ የሠለጠኑትም በአንድ ላይ ማስጮኽን ትተው እያንዳንዱን ልጅ በሳምንት አንዴ ለብቻው ማስነበብን ነው። ኪዳነ ወልድ የመልሶቹን ወረቀት ቀዳዶ ጣለ። የጠዋቱ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ የንባብ ሆነ፤ በዚያ ሰዓት በትምህርት ቤቱ በኩል የሚያልፍ ሰው አንድ ትልቅ ጩኸት አይሰማም፤ ብዙ ትንንሽ ጉምጉምታ ይሰማል። እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ነዋ!

ዓርብ ዓርብ ደግሞ የኔታ ራሳቸው ስንደዷቸውን ይዘው ዋርካው ሥር ይቀመጣሉ። ልጆች ተራ ይዘው ይመጣሉ፣ ሴቶቹም ጭምር። ገጽ ዐሥራ ሰባትን ለሚጀምርላቸው፣ «ከታች ወደ ላይ!» ይሉታል።

ውዴስ? አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ መደቡ ላይ ቆማ ግድግዳውን ስታይ አገኟት። ሳትቸኩል፣ ያለ ‘ከ ኩ ኪ’፣ ቃል በቃል ታነበው ነበር። «…ልዩ የንባብ ድጋፍ የማያስፈልጋቸው ሆነው ተገኝተዋል።» ዘወር አለች። «አባባ፣ ይህ ስለ ማን ነው?»

የኔታ ወንበር ሳቡ፣ ወጡበት፣ መስተዋቱን ከግድግዳው አወረዱ። ምስማሩ ዛሬም እዚያው አለ፤ ምንም አልተሰቀለበትም።

ትምህርት እንዲህ ነው የሚታከመው። ልጁን የፈተነ አገር ራሱን ፈተነ፤ የልጁን ባዶ ገጽ ያየ ቢሮ የራሱን ዕቅድ አረመ፤ የታረመው ዕቅድ ወደ ክፍሉ ተመልሶ የመምህሩን አንደበትና ጆሮ ለወጠ። በዚህ መንገድ መሐል የቆመ ውሸት ግን፣ በፍቅር የተዋሸ እንኳ ቢሆን፣ የሚቀማው የገዛ ልጁን ድርሻ ነው። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ የጀልባ ነጂው ቴዎም ይመሰክራል። ውዴ ማንበብ ከያዘች ወዲህ በእያንዳንዱ ጉዞ ያንን ቀይ ማስታወቂያ ጮክ ብላ እያነበበች ተሳፋሪ ትቆጥራለች። «ሰባት ሰው ትርፍ ነው፣ ጋሼ ቴዎ!» እስኪያወርድም ዝም አትልም። ቴዎ የትምህርት ጥራት ኪሳራ ላይ ጣለኝ እያለ ያማርራል። ጀልባዋ ግን እንደ ድሮው አትንገዳገድም።

በአራተኛው ዓመት ምዘናው ተመልሶ መጣ። ማኅሌት ከባሕር ዳር ወደብ ተሳፈረች፤ ዙሪያውን በቢጫ ፕላስተር የታሸገው ካርቶን ከአግዳሚዎቹ መካከል ተቀመጠ። የኔታ ከሐኪም ቤት እየተመለሱ ነበር፤ ጉልበታቸውን እያመማቸው ነው። አግዳሚው ሁሉ ተይዟል። ቴዎ ብርድ ልብሱን አጥፎ ካርቶኑ ላይ አነጠፈላቸው።

«የኔታ፣ ዙፋንዎ ተዘጋጅቷል!»

የኔታ ካርቶኑን አዩት። በአንድ እጃቸው የጀልባዋን ዘንግ፣ በሌላው ጃንጥላቸውን ያዙና ቆሙ። ዘጌን አለፉ፣ ቆመው ነበር። የሐይቁ መሐል ደረሱ፣ ማዕበሉ መጣ፣ ቆመው ነበር። ማኅሌት ቦታዋን ልትለቅላቸው ብትነሣ በጃንጥላቸው መልሰው አስቀመጧት።

«ኧረ የኔታ፣ ይቀመጡ!» አለ ቴዎ። «ያኔ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተቀምጠውበት አልነበር? ዛሬ ምን አገኘው?»

«ምንም አላገኘው።»

«ታዲያ ለምን አይቀመጡም?»

«አልቀመጥም።»

«እኮ ለምን?»

«አልነግርህም» አሉ የኔታ፣ ዓይናቸውን ከደቅ ላይ ሳያነሡ። «ጀልባህን ንዳ።»